ቤት ወይስ ሳናቶሪየም፦ የማድራስ ሙከራና የተዘነጋው ግማሹ



የንግግሬ መነሻ በቅርብ ዓመታት በሕክምናው ዓለም ብዙ የሚነገርለት አንድ አሠራር ነው። ይኸውም ሆስፒታል ተኝቶ መታከም የሚገባውን ሕመምተኛ በገዛ ቤቱ፣ ሐኪምና ነርስ እየተመላለሱ፣ መድኃኒቱንና መሣሪያውን እያቀረቡ ማከም ነው። በአሜሪካ የመንግሥት የጤና መድን በወረርሽኙ ጭንቀት ውስጥ፣ በኖቬምበር 2020፣ ለዚህ አሠራር በሩን ከከፈተ ወዲህ ነገሩ እንደ አዲስ ግኝት ይወራል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሆኖም የኒውዮርኩ ሞንቴፊዮሬ ሆስፒታል በ1947፣ የፓሪስ የሕዝብ ሆስፒታሎችም በ1957 ተመሳሳይ አገልግሎት ጀምረው ነበር። እኔ ግን ልቆይበት የምሻው ከእነዚህ ይልቅ ብዙ ሕይወት የነካውን፣ በሕንድ አገር በማድራስ ከተማ የተደረገውን ሙከራ ነው።

የሙከራውን ድፍረት ለመረዳት ሳናቶሪየም ምን እንደነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። ጀርመናዊው ሐኪም ሄርማን ብሬመር በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በሲሌዢያ ተራሮች ውስጥ ተቋሙን ካቆመ ጀምሮ፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ማለት ንጹሕ አየር፣ ዕረፍትና የተመጣጠነ ምግብ ማለት ነበር። ሕመምተኛው ከቤቱ ተለይቶ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይተኛል። መለየቱ ራሱ ቤተሰቡን እንደሚጠብቅ ይታመን ነበር። በ1940ዎቹ ስትሬፕቶማይሲን፣ በ1952 ደግሞ አይሶኒያዚድ ሲመጡ ፈዋሹ ነገር ከአልጋው ወደ መድኃኒቱ ተሻገረ፤ ልማዱ ግን ባለበት ቆየ። ሐኪሞች መድኃኒቱን እየሰጡም ሕሙማንን ማስተኛታቸውን አልተዉም። ለአውሮፓ ይህ የልማድ ጉዳይ ነበር። የሕሙማኑ ቍጥር ከአልጋው ቍጥር ጋር ፈጽሞ ለማይመጣጠንባት ሕንድ ግን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር። መታከም የሚቻለው ተኝቶ ብቻ ከሆነ፣ አብዛኛው ሕመምተኛ አይታከምም ማለት ነው።

በ1956 የማድራስ ክፍለ ሀገር መንግሥት፣ የሕንድና የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤቶች፣ እንዲሁም የዓለም ጤና ድርጅት ተባብረው በከተማይቱ አንድ የምርምር ማዕከል ከፈቱ። ሥራውን የመሩት እንግሊዛዊው ሐኪም ዋላስ ፎክስ ነበሩ። ከድኻ ሠፈሮች የመጡ 193 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ አንደኛው ወገን ወደ ሳናቶሪየም ገባ፣ ሌላው በቤቱ ቀረ። መድኃኒቱ ለሁለቱም አንድ ነበር፦ አይሶኒያዚድና ፒ.ኤ.ኤስ.፣ ለአሥራ ሁለት ወር። ልዩነቱ የኑሮው ነበር። ሳናቶሪየም የገቡት የተሻለ ይበላሉ፣ ያርፋሉ፣ ነርስ ትከታተላቸዋለች። በቤት የቀሩት በተጣበበ ክፍል ውስጥ ያነሰ ይበላሉ፤ የቤት ሥራና እንጀራ ፍለጋም ሙሉ ዕረፍት አይሰጧቸውም።

ውጤቱ በ1959 ታተመ። በዓመቱ መጨረሻ አክታቸው ከባክቴሪያ ነጽቶ በሽታው የረጋላቸው በቤት ከታከሙት 86 በመቶ፣ በሳናቶሪየም ከታከሙት 92 በመቶ ነበሩ። ክብደት በመጨመር ረገድ ሳናቶሪየሞቹ በልጠዋል፤ መፈወስን በተመለከተ ግን የዚያ ሁሉ አየር፣ ዕረፍትና ምግብ ብልጫ ትንሽ ሆኖ ተገኘ። ሕሙማኑ ለአምስት ዓመት ሲከታተሏቸው ያም ልዩነት ጠፋ።

በእኔ አስተያየት ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ስለ ቤተሰቡ የተገኘው መልስ ነው። የሙከራው ከባድ የኅሊና ጥያቄ ይህ ነበርና፦ ለሕመምተኛው ሲባል ልጆቹን ለበሽታ ማጋለጥ ይገባልን? ተመራማሪዎቹ አብረው የሚኖሩትን ቤተሰቦች ለዓመታት መረመሩ። በቤት የታከመ ሰው ቤተሰብ፣ ሕመምተኛው ከተወሰደለት ቤተሰብ የበለጠ አልታመመም። አደጋው በአመዛኙ የደረሰው በሽታው ሳይታወቅ፣ ሕክምናው ሳይጀመር በነበረው ጊዜ ነው። ሕሙማንን ከቤታቸው ለመለየት ይቀርብ የነበረው ዋና ምክንያት እንዲህ መሠረቱ ተናጋ።

እዚህ ላይ ግን ሙከራው አብዛኛውን ጊዜ በግማሹ ብቻ እንደሚጠቀስ ማንሣት አለብኝ። «ቤት ከሆስፒታል አያንስም» ይባልና ይታለፋል። የማድራስ ቤት ግን እንዲሁ የተተወ ቤት አልነበረም። ሕመምተኛው በየሳምንቱ ክሊኒክ እየመጣ መድኃኒቱን ይወስድ ነበር። የጤና ጎብኚዎች ሳይነግሩት ቤቱ ደርሰው የቀረውን መድኃኒት ይቈጥራሉ፤ መዋጡን ለማወቅም ሽንቱ ይመረመራል። ስለዚህ የተነጻጸሩት ሆስፒታልና ቤት ናቸው ከማለት፣ አልጋ ያለው ክትትልና አልጋ የሌለው ክትትል ናቸው ማለት ለእውነቱ ይቀርባል። አልጋውን ዘግተው ክትትሉን ያላቋቋሙ መንግሥታት የማድራስን ስም መጥራታቸው ተገቢ አይመስለኝም። ማዕከሉ ራሱም በ1960ዎቹ ያተኰረው ሕመምተኛው መድኃኒቱን በጤና ሠራተኛ ፊት እንዲውጥ በማድረግ ላይ ነበር፤ ኋላ በዓለም ሁሉ የተስፋፋው አሠራር አንዱ ሥሩ እዚያ ነው።

ጥያቄው ወደ እኛም መጥቷል። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሕክምና በ2009 ሲጀመር፣ በእንጦጦ ዳገት ያለው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ሕሙማኑን አስተኝቶ ያክም ነበር። ወረፋው ረዘመ፣ አልጋው አልበቃ አለ፤ ሕክምናውም ቀስ በቀስ ወደ ተመላላሽነት፣ ለሕመምተኛው መኖሪያ ወደ ቀረበው ጤና ጣቢያ ወጣ። ከማድራስ ግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ያው ችግር ያንኑ መንገድ አስያዘ።

ለአገራችን ንጽጽሩን የሚያወሳስብ አንድ ሰው ግን አለ፤ አስታማሚው። በብዙ ሆስፒታሎቻችን ተኝቶ የሚታከም ሰው ብቻውን አይተኛም። እናት ወይም እኅት አልጋው ሥር ጋቢ ዘርግታ ታድራለች፣ ምሳ ዕቃ ተሸክማ ትመላለሳለች፣ ለመድኃኒት መግዣ ትሯሯጣለች። ሆስፒታላችን ገና ከመጀመሪያው ግማሹ ቤት ነው። ሕክምናው ወደ ቤት ሲዛወር የሆስፒታሉ ወጪ ሊቀንስ ይችላል፤ የእርሷ ድካም ግን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል መዛወሩ ብቻ ነው። 86 እና 92 በሚሉት ሁለት ቍጥሮች ውስጥ ምግቡን ያበሰለችው ሴት አትታይም። በዚህ መስክ የመመረቂያ ጽሑፍ ልታዘጋጁ ያሰባችሁ ተማሪዎች የወጪ ሰንጠረዣችሁን ስታወጡ ለእርሷ የሥራ ቀን አንድ ዓምድ እንድትተዉላት እጠይቃለሁ። ዓምዱ በምን ስሌት እንደሚሞላ ከጥያቄዎቻችሁ ጋር አብረን ብንወያይ ደስ ይለኛል።