ኮሶን የሣለ እጅ

በልጅነቴ ኮሶ ስጠጣ አያቴ አፍንጫዬን ይዛ ነበር ያስጨረሰችኝ። ምሬቱ ከምላሴ ስላልለቀቀ፣ የኮሶ አበባ እንደሚያምር ልብ ያልኩት የሥዕል አስተማሪ ሆኜ ነው፤ ያውም ከዛፉ ሳይሆን ከጥንት ሥዕል ቅጂ ላይ። ከሥዕሉ ጋር የተጠቀሰው ስም የጄምስ ብሩስ ነበር።

ዘመኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ልንገራችሁ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ብሩስ በ1769 ምጽዋ ደረሰ፤ በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ገባ። አብሮት የቦሎኛው ሰው ሉዊጂ ባሉጋኒ ነበር፤ በ1737 የተወለደ፣ ሥነ ሕንፃ የተማረ። የተቀጠረው በሰሜን አፍሪካ ያሉትን የሮማ ዘመን ፍርስራሾች እንዲነድፍ ነበር። ዓምድና ቅስት የለመደው እጅ እኛ አገር ሲደርስ ወደ ዋንዛ፣ ወደ ቁልቋል፣ ወደ እንሰት፣ ወደ ዋጊኖስ ዞረ። መቼም ለቁልቋል ከሕንፃ ነዳፊ የተሻለ ሠዓሊ አይገኝም፤ ግንዱ ራሱ ማዕዘን ያለው ዓምድ ነው።

ዋንዛ ግን ሌላ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ጎንደር በአበባው ነጭ በነጭ ትሆን ነበር፤ ብሩስም ይህን ልብ ብሎ ጽፎታል። ቅርንጫፍ ቀጥፌ ጠረጴዛዬ ላይ ካኖርኩ፣ እርሳሴን ቀርጬ ሳልጨርስ አበባው መርገፍ ይጀምራል። ስለዚህ አንዷን አበባ ቶሎ ቀለም እቀባና ሌላውን በእርሳስ መስመር ብቻ እተወዋለሁ። እኔ ይህን የማደርገው ቤቴ ተቀምጬ፣ ቡናዬ አጠገቤ ሆኖ ነው። ባሉጋኒ የሣለው የጦር መሪዎቹ ራስ ሚካኤል ስሑልና ፋሲል በሚዋጉበት ዘመን ነበር።

ቀንጠፋንም ሥሎታል። ንጉሥ ሊዘምት ሲነሣ ቀንጠፋ እንዲመነጠር አዋጅ ይነገር እንደነበር ብሩስ ጽፏል፤ እሾሁ ልብስ ይዞ አይለቅምና። የኔንም ነጠላ ቀድዶብኛል፤ አዋጁ አይገርመኝም።

የብሩስ የጉዞ መጽሐፍ በ1790 በአምስት ቅጽ ታተመ። የሚያናድደኝ እዚህ ላይ ነው። ባሉጋኒ ታሞ ኖሮ ኢትዮጵያ እንደገባ ብዙም ሳይቆይ ሞተ ይላል ብሩስ፤ ሥዕሎቹን የራሱ አድርጎ አቀረበ። ነገር ግን በኅዳር 1770 ግሽ ዓባይ ላይ ሁለቱም ነበሩ፤ የዚያ ጉዞ ማስታወሻ በባሉጋኒ እጅ ተጽፎ ተገኝቷል። ባሉጋኒ ጎንደር ላይ ያረፈው በ1771 ነው። ሙት ተነሥቶ አይከራከር!

ብሩስ ለኮሶ የእንግሊዛዊውን የዕፅዋት ሊቅ የጆሴፍ ባንክስን ስም ሰጠው። ያ ስም ግን አስቀድሞ ለአውስትራሊያ ተክል ተሰጥቶ ስለነበር አልጸናም፤ ዛፉ ሀጌኒያ ተባለ፣ በጀርመናዊው መድኃኒት ቀማሚ በሀገን ስም። ዋጊኖስ ደግሞ ብሩሲያ ሆነ። ሥዕሎቹ አሁን አሜሪካ፣ ኒው ሄቨን፣ በዬል የብሪታንያ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ። በ1991 ስለ ዕፅዋት ሥዕሎቹ መጽሐፍ ሲወጣ በርዕሱ ላይ የተጻፈው የባሉጋኒ ስም ነው።

የኮሶውን ቅጂ አንድ ቀን ለአያቴ ወስጄ አሳየኋት። ወደ መስኮቱ አስጠግታ ቅጠሉን አየች፣ ዳር ዳሩን በጣቷ ተከተለች። ማን ሣለው ብላ አልጠየቀችም። አፍንጫዋን ያዘች።