ዲባባ እህትማማቾች
እጅጋየሁ፣ ጥሩነሽና ገንዘቤ ዲባባ በአርሲ፣ በቆጂ አካባቢ የተወለዱ ኢትዮጵያውያን ሯጮች ናቸው። ሯጯ ደራርቱ ቱሉ የሥጋ ዘመዳቸው ናት። መንገዱን የጠረገችው ታላቋ እጅጋየሁ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በአቴንስ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ብር ስታገኝ ጥሩነሽ በ5,000 ነሐስ ወሰደች።

ሁለቱ እህትማማቾች ጎን ለጎን ከሮጡባቸው ትልልቅ መድረኮች አንዱ የ2005ቱ የሄልሲንኪ የዓለም ሻምፒዮና ነው። በ10,000 ሜትር ጥሩነሽ የመጨረሻውን ዙር ከ60 ሰከንድ በታች ጨርሳ ወርቁን ስትወስድ ብርሃኔ አደሬ ሁለተኛ፣ እጅጋየሁ ሦስተኛ ወጡ። ከሳምንት በኋላ በ5,000 ሜትርም ጥሩነሽ አንደኛ፣ እጅጋየሁ ሦስተኛ ሆኑ፤ በመካከላቸው የገባችው መሠረት ደፋር ነበረች። በአንድ ሻምፒዮና ሁለቱን ርቀቶች አጣምራ ያሸነፈች ሴት ከዚያ በፊት አልነበረችም። የእጅጋየሁ ሁለት ነሐስ ግን በታናሿ ድል ተሸፍኖ ተገቢውን ያህል አልተወራለትም።

ትንሿ ገንዘቤ ፍጥነቷ ለአጭሩ ርቀት አመቻት፤ በ2015 ሞናኮ ላይ 1,500 ሜትርን በ3:50.07 ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች።

በሌላው ዓለም የሚስተካከሏቸው በትራያትሎን (ዋና፣ ብስክሌት፣ ሩጫ) የታወቁት እንግሊዛውያን ወንድማማቾች አሊስተርና ጆናታን ብራውንሊ ናቸው፤ በ2016ቱ የሪዮ ኦሊምፒክ ወርቅና ብሩን ተካፍለዋል። የሦስቱ እህትማማቾች የኦሊምፒክ ሜዳልያ ድምር 8 ሲሆን 6ቱ የጥሩነሽ ናቸው።