ተንቀሳቃሽ ስልክ ጥሪ ሲጠብቅ ባትሪውን የሚቆጥበው እንዴት ነው?

ተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት በማይሰጥበት ጊዜም ጥሪ እንዳያመልጠው ኔትወርኩን መከታተል ይኖርበታል። የሬዲዮ መቀበያው ያለማቋረጥ ቢሠራ ግን ባትሪው በአጭር ጊዜ ያልቃል።

ችግሩ የተፈታው በየተወሰነ ጊዜ የማዳመጥ ሥርዓትን በመዘርጋት ነው። የጥሪ መልእክት የሚተላለፍበት ቅጽበት በስልኩም ሆነ በኔትወርኩ አስቀድሞ ይታወቃል። በመሆኑም መቀበያው አብዛኛውን ጊዜ ጠፍቶ ይቆይና በዚያ ቅጽበት ይነቃል፤ ጥሪ ከሌለ ተመልሶ ያርፋል። በአራተኛው ትውልድ የሞባይል ኔትወርክ የተለመደው ዑደት ከ0.32 እስከ 2.56 ሰከንድ ነው።

በዋይፋይም አሠራሩ ተመሳሳይ ሲሆን፣ ራውተሩ ላረፈው መሣሪያ የመጣውን መረጃ ይዞ በማቆየት አብዛኛውን ጊዜ በየ0.1 ሰከንዱ ገደማ በሚያሰራጨው ምልክት ያሳውቀዋል።

ዑደቱ በረዘመ ቁጥር የባትሪው ዕድሜ ይጨምራል፤ ጥሪው ግን ይዘገያል። ስለዚህ ለስልክ አጭር ዑደት ሲመረጥ፣ አልፎ አልፎ ብቻ መረጃ ለሚልኩ እንደ ውኃ ቆጣሪ ላሉ መሣሪያዎች ረጅም ዑደት ይመደባል።

ኔትወርክ በሌለበት ሥፍራ ስልኩ ጣቢያ ለማግኘት ደጋግሞ ስለሚቃኝ የቁጠባው ጥቅም ይቀንሳል። በመሆኑም ወደ እንዲህ ዓይነት አካባቢ ለመስክ ሥራ የሚሰማራ ሠራተኛ የስልኩን የአውሮፕላን ሁነታ ቢያበራ ባትሪውን ለአስፈላጊ ጊዜ ማቆየት ይችላል። ወደ ኔትወርክ ክልል ሲመለስ ሁነታውን ካላጠፋ ግን ጥሪ አይደርሰውም።