ውጅግራ፣ ሰናድርና ሌሎች መጻተኛ ስሞች

ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. የሠሩትን ጠመንጃ «ፉዚል ግራስ» ብለው ይጽፉታል፤ ሲጠሩት ግን «ፉዚ ግራ» ነው፡፡ «ል»ም «ስ»ም ወረቀት ላይ ቀርተው ከአፍ አይወጡም፡፡ ጠመንጃው በታጁራ በኩል ሸዋ ሲደርስ ስሙ ውጅግራ ሆነ፡፡ ተቀባዩ የላቲን ፊደል አላየምና የያዘው ጆሮው የሰማውን ብቻ ነው፡፡ ቃሉ በደብዳቤ ቢመጣ ኖሮ ዛሬ «ግራስ» እያልን ፎካሪዎቻችንም ቤት መምቻ ባጡ ነበር!

የመሣሪያ ስሞቻችን አብዛኞቹ እንዲህ በጆሮ የገቡ ናቸው፡፡ ምንሽር ከኦስትሪያዊው ማንሊኸር፣ መትረየስ ከፈረንሳዮቹ «ሚትራዮዝ» መጣ፡፡ ቤልጅግ ያው የአገሩ ስም ነው፡፡ ጠመንጃ ራሱ በቱርክ አፍ «ታባንጃ» ነበር፣ ትርጉሙም ሽጉጥ፤ የድሮ ጽሑፎቻችን «ጠበንጃ» የሚሉት ለዚህ ነው፡፡ ሽጉጥ ግን የገዛ ቃላችን ነው፤ የሚሸጎጥ ነገር፡፡

ከሁሉም የሚገርመኝ ሰናድር ነው፡፡ ጄከብ ስናይደር የተባለ አሜሪካዊ የፈለሰፈው ሲሆን፣ ሰውዬው የእንግሊዝ መንግሥት ክፍያውን እስኪጨርስለት ሲጠብቅ በ1866 እ.ኤ.አ. ዕዳ እንደተጫነው ሞተ፡፡ (የባንክ ሠራተኛ ስለሆንኩ ነው መሰል፣ ይህ ያልተዘጋ ሂሳብ ከአእምሮዬ አይወጣም፡፡) ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 1868 እ.ኤ.አ.፣ ያው ጠመንጃ በናፒዬር ወታደሮች እጅ መቅደላ ሥር አሮጌ ሜዳ ላይ ደረሰ፡፡ ፊታውራሪ ገብርዬ የወደቀው በዚያ ቀን ነው፡፡ ስሙ ግን እኛ ዘንድ የጠላት ስም ሆኖ አልቀረም፡፡ «ከንፈር» በግእዝ ወግ ሲበዛ «ከናፍር»፣ «ድንግል» «ደናግል» እንደሚሆን ሁሉ፣ «ስናይደር»ም በዚያው ቅርጽ ተቀርጾ «ሰናድር» ተባለ፤ ለጆሮ የደብተራ ቃል እንጂ የፋብሪካ ስም አይመስልም፡፡ የገደለን መሣሪያ ስም የፉከራችን ጌጥ ሆነ፡፡

ፎካሪ አባቱን ጠርቶ፣ ፈረሱን ጠርቶ፣ ጠመንጃውን ይጠራል፡፡ ለፈረስ የራሱ ስም ይወጣለት ነበር፤ ጌታውም በዚያ ይጠራል፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፡፡ ለጠመንጃ ግን እንዲህ ያለ ስም ብዙም አልወጣም፤ የሠሪው ስም እየተላገ ቀረ እንጂ፡፡ ጋፋት ላይ የተሠራው የቴዎድሮስ መድፍ እንኳ ስሙ ሴባስቶፖል ነው፤ በክራይሚያ ጦርነት የተከበበችው ከተማ ስም፡፡

ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች አንድ ነገር ልጨምር፡፡ በ1887 እ.ኤ.አ. ለምኒልክ ጠመንጃ ካመጡት ነጋዴዎች አንዱ አርተር ራምቦ ነው፤ ሃያዎቹን ሲጀምር ግጥምን እርግፍ አድርጎ የተወው ያ ፈረንሳዊ ባለቅኔ፡፡ ያመጣቸው ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃዎች ያኔም ያረጁ ነበሩ፡፡ ሟች ሸሪኩ ዕዳ አለበት ተብሎ ከሽያጩ ተቀንሶበት አትርፎ አልተመለሰም፡፡ ግጥም የሸሸው ሰው የሸጠውን ብረት የእኛ አዝማሪዎችና ፎካሪዎች መልሰው ግጥም አደረጉት፡፡

ዛሬ ውጅግራም ሰናድርም ከቀረርቶ ውጭ አይሰሙም፡፡ ቦታቸውን ክላሽ ወስዷል፤ እሱም «ኒኮቭ» የሚለውን ጭራ አራግፎ፡፡ ነፍጥ ግን አለ፡፡ በዐረብኛ መጀመሪያ ከምድር የሚወጣ፣ የሚነድ ዘይት ነበር፤ ቀጥሎ ባሩድ፣ እኛ ዘንድ ጠመንጃ ሆነ፡፡ ከዚያም «ነፍጠኛ» መጣ፡፡ ነፍጥ ያዥ ወታደር ማለት ነበር፤ ከምኒልክ ዘመቻዎች በኋላ በደቡብ ሰፍሮ ገባር የተሰጠው፡፡ ኋላ በፖለቲከኞች አፍ አንድን ሕዝብ በጅምላ መስደቢያ ሆነ፡፡ በዚያ አገር ያለ የገባር ልጅ ቃሉን ሲያነሣ የሚታየው አባቱ የገበረው ማርና የተነጠቀው መሬት ነው፤ በከተማ መንገድ ላይ ቃሉ የሚወረወርበት ወጣት ደግሞ ምናልባት በዕድሜው አንዲት ጥይት እንኳ ጨብጦ አያውቅም፡፡