ከስሜን እስከ ባሌ፦ የደጋ ጥብቅ ቦታዎቻችን ትብብር በታሪክ ዓይን



የጥብቅ ቦታዎች ትብብር ሲነሣ ንግግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከስምምነት ሰነድ ይጀምራል። እኔ ከውሻ እጀምራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ዌብ ሸለቆ ቀይ ቀበሮዎች በእብድ ውሻ በሽታ ሲያልቁ፣ የበሽታው ምንጭ ከእረኞች ጋር ወደ ደጋው የሚወጡ ውሾች ነበሩ። ባለሙያዎቹ ሁሉንም ቀበሮ መከተብ አልቻሉም፤ ሸለቆውን ከሌሎቹ መንጋዎች ጋር የሚያገናኙትን ጠባብ መተላለፊያዎች መርጠው በዚያ ያሉትን ከተቡ። ወረርሽኙም ተገታ።

ከባሌ እስከ ስሜን ግን እንዲህ ያለ መተላለፊያ የለም። በመካከሉ ስምጥ ሸለቆና የታረሰ መሬት ተዘርግቷል። ለአቅመ መራባት የደረሱት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ይገኛሉ። ስለዚህ ከተራራ ተራራ መመላለስ የሚችለው ክትባቱ፣ መረጃውና ባለሙያው እንጂ አውሬው አይደለም።

ተራሮቹን ለየብቻ ማሰብ ግን የመልክዓ ምድር ውጤት ብቻ አይመስለኝም። የስሜን ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲቋቋም ዋልያ፣ ባሌ ደግሞ የደጋ አጋዘንና ቀይ ቀበሮ ታስበው ነበር። እያንዳንዱ ፓርክ በብርቅዬ እንስሳው ስም ተወለደ፤ በውስጡ የሚኖረው ገበሬ ግን እንደ እንቅፋት ተቈጠረ። እ.ኤ.አ. በ2016 የግጭ ነዋሪዎች ከስሜን ወጡ፤ በ2017 ፓርኩ ከ1996 ጀምሮ ከነበረበት በአደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ተሰረዘ። ሁለቱን ዓመታት ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ደስታዬ ሙሉ አይሆንም።

የመንዝ ጓሳ ታሪክ በሌላ መንገድ ሄዷል። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲወርድ በመጣው የቄሮ ሥርዓት፣ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው በመረጡት አለቃ አማካይነት ደጋውን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጉት ነበር። ሲከፈትም ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን የጓሳ ሣር ያጭዱ፣ ከብታቸውንም ያሰማሩ ነበር። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ድርሻ የሚገኘው ከአቅኚ አባቶች በሚቈጠር የዘር ሐረግ ስለነበር ከሐረጉ ውጭ ያለ ሰው ባይተዋር ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ሲያፈርስ ለእነዚህ ሰዎች በር የከፈተላቸው መሆኑን ቄሮን የሚያወድሱ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ ይዘልሉታል። ከዚያ በኋላ የመጣው ማኅበረሰብ መር አስተዳደር አሮጌውን የመዝጋት ልማድ ከአዲሱ ሰፊ አባልነት ጋር ማስታረቅ ነበረበት። ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም ዛሬ በዚያ ይኖራሉ።

እንግዲህ ስሜንና ባሌ ከጓሳ የሚፈልጉት ከክትባት ቀዝቃዛ ሣጥን የበለጠ ነገር ነው፤ ማን ይዘጋል፣ ማን ይከፍታል፣ በማን ስም የሚለው ክርክር የተካሄደበትን ልምድ ይፈልጋሉ። ይህ ልምድ በአብዛኛው በቃል የሚገኝ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ተማሪዎች፣ ከግጭ የወጡት አዛውንት አሁን በደባርቅ ይኖራሉ።