በቁጥር የቀረው የመቱ ቡና

ስለ ኢትዮጵያ ቡና በተወራ ቁጥር ከፋ ይጠራል፣ ሐረር ይጠራል፣ ይርጋጨፌና ሲዳማም ተራቸውን አያጡም። ኢሉባቦርን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። ይህ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ምክንያቱም ዛሬ በየገበሬው ማሳ ከተተከሉት የተመረጡ የቡና ዝርያዎች መካከል እጅግ የታወቁት የዘር ሐረጋቸው ቢቆጠር የሚያደርሰን መቱ አጠገብ ወዳለው ቢሻሪ ወደሚባል ስፍራ ነው። ስማቸው ግን መቱም ቢሻሪም አይደለም። 74110 እና 74112 ይባላሉ። ለመሆኑ አንድ አገር ዘሩን ሰጥቶ ስሙን እንዴት ያጣል? ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ኢሉባቦር ድሮም ለንግድ ባዕድ አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1902 በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመው የድንበር ውል፣ እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ እንዲያቋቁሙ ተፈቀደላቸው። ከዚያ ወዲህ ጎሬ የነጋዴ መናኸሪያ ሆነች። ቡናውና ሰሙ ከጎሬ ደጋ ወደ ጋምቤላ ቆላ ይወርዳል፤ ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ ደግሞ በእንፋሎት መርከብ ተጭኖ ወደ ካርቱም ይሄዳል። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነፃ ስትወጣ የዚያ ጣቢያ ዘመን አበቃ።

የቡናው መንገድ ወደ አዲስ አበባ ሲዞር ግን የቦታው ስም መንገድ ላይ ቀረ። ደረጃ መዳቢው ከናሙናው ውስጥ የጠቆረውን፣ በተባይ የተበሳውን፣ ሳይበስል የተለቀመውን እየቆጠረ ደረጃውን ይሰጣል። ያልታጠበው የኢሉባቦር ቡናም ከጎረቤቶቹ ጋር በአንድ መደብ ገብቶ «ጅማ» እየተባለ፣ ብዙውን ጊዜም «ጅማ 5» ሆኖ ወደ ውጭ ይወጣ ነበር። የመጀመሪያው የስም መጥፋት ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ራሱን ቡናውን የሚያጠፋ ነገር መጣ። ባለሙያዎች ሲ.ቢ.ዲ. የሚሉት የቡና ፍሬ በሽታ መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1922 ኬንያ ውስጥ ነበር። ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ቢወስድበትም፣ ከገባ በኋላ ግን አልዘገየም፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኛውን ቡና አብቃይ አገር አዳረሰ። መንስኤው ፈንገስ ነው። ዛፉን አይገድልም፤ ጠቡ ከለጋው ፍሬ ጋር ነው። ዝናብና ብርድ ሲያገኝ አረንጓዴው ፍሬ ላይ ጎድጎድ ያለ ጥቁር ነጥብ ያወጣል፤ ነጥቡ ይሰፋል፤ ፍሬው ወይ ይረግፋል፣ ወይ ቅርንጫፉ ላይ ጠቁሮ ይደርቃል። በክፉ ዓመት በሽታውን የማይችል ዛፍ ፍሬውን በሙሉ ሊያጣ ይችላል። ቅጠሉ ለምልሞ የሚለቀም የሌለውን ዛፍ ማየት ለገበሬ ምን እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

መድኃኒት መርጨት አንዱ መላ ነበር። ነገር ግን በዛፍ ጥላ ሥር ለሚበቅል የትንሽ ገበሬ ቡና በየክረምቱ ደጋግሞ መርጨት በዋጋውም በድካሙም የሚቻል አልነበረም። ስለዚህ ጅማ አጠገብ መልኮ ላይ ያለው የምርምር ጣቢያ ባለሙያዎች፣ በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በኩል ከመጡት እንደ ራውል ሮቢንሰን ካሉ የዕፅዋት በሽታ ሊቃውንት ጋር ሆነው ሌላ መንገድ ያዙ። መንገዱ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ በሽታው ክፉኛ በመታው ስፍራ እየዞሩ፣ ጎረቤቶቹ ጠቁረው እሱ ብቻ ፍሬውን ይዞ የቆመ ዛፍ መፈለግ ነው። የተገኘው ዛፍ ግን ወዲያው አይታመንም፤ በሽታው በአጋጣሚ ስቶት ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ፍሬው ተለቅሞ ፈንገሱ እንዲነካው ይደረጋል፤ ዘሩ ተዘርቶ ችግኙ ላይ ፈንገሱ ይረጫል፤ የተረፈው ተተክሎ ምርቱ ይመዘናል። አረቢካ ቡና በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል በመሆኑ፣ የእናቲቱ ዛፍ ባሕርይ ብዙ ሳይዛነፍ ወደ ልጆቿ ይተላለፋል። ፈተናውን ያለፈች አንዲት ዛፍ የሚሊዮኖች እናት ልትሆን የምትችለውም በዚህ ነው።

የቢሻሪ ዛፎች የተመረጡት እ.ኤ.አ. በ1974 ነበር። አዲስ አበባ ላይ ዘውድ በወረደበት በዚያ ዓመት፣ መቱ ላይ ሰዎች ዛፍ ለዛፍ እየዞሩ ፍሬ ይመረምሩ ነበር ማለት ነው። 74 የዚያ ዓመት ምልክት ነው፤ 110 እና 112 ተራ ቁጥር ናቸው። ከጥቂት ዓመታት ፈተና በኋላ ዘራቸው ለገበሬው እንዲዳረስ ተፈቀደ። ቁጥሩ ዓመቱን ይናገራል እንጂ አገሩን አይናገርም፤ ዛፉን ጠብቆ ያቆየውንም ሰው አይናገርም።

ሕያው ነገርን መርጦ ማራባት ለውበትም ይደረጋል። ሂሳያሱ ሱዙኪ የተባለ ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ በመስታወት ገንዳ ከሚያረባቸው ጥቁርና ነጭ ሽሪምፖች መካከል ቀይ ሆነው የተወለዱትን ለይቶ በማራባት በዓለም የታወቀ የጌጥ ሽሪምፕ አወጣ። አርቢዎች ቀለሙ እንደ ጠራ፣ ነጩም እንደ ሰፋ እያዩ ኤ፣ ኤስ፣ ኤስ ኤስ እያሉ ደረጃ ይሰጡታል። ይሁንና ዘመድ ከዘመድ እየተዳቀለ በሄደ መጠን ትውልዱ ይደክማልና አርቢው ተመልሶ ሌላ ደም ይፈልጋል። የተመረጠው የሚሰነብተው ያልተመረጠው ስላለ ነው።

ይህን ሴሎን፣ የዛሬዋ ስሪላንካ፣ በመከራ ተምራዋለች። እ.ኤ.አ. በ1869 የቡና ቅጠል ዝገት ታየባት። ሰፊው እርሻዋ ከጠባብ ዘር የወጣ ነበርና የሚቋቋም ዛፍ አልተገኘም። በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ ቡናው ጠፍቶ በቦታው ሻይ ተተካ። በኢሉባቦር ግን በሽታው ሲመጣ መልሱ እዚያው ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ያን ዛፍ ተመራማሪ አልሠራውም፤ አገኘው እንጂ። ያቆየው ጫካውና የጫካው ሰው ነው።

የጌሻን ዕድል እዚህ ላይ ማስታወስ ያሻል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከጌሻ የተወሰደ ዘር በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኮስታሪካ አልፎ ፓናማ ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በዚያ አገር ውድድር አሸንፎ ዓለምን አስደነቀ። የጌሻ ገበሬ ከዚህ ምን አተረፈ የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ስሙ ግን ቢያንስ አብሮት ሄዷል። የቢሻሪ ቡናም ዛሬ በውጭ አገር የቡና ከረጢት ላይ ይጻፋል፤ የሚጻፈው ግን ቁጥሩ ነው።

ስም ማጣት ከንቱ የክብር ጥያቄ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔ እንዲያ አላየውም። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ነገር ምንጩ ሲደርቅ የሚጮህለት አያገኝም። እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ የያዩን የቡና ደን በጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ጫካ ለእርሻና ለማገዶ ሲመነጠር፣ የጫካው ቡናም ተነቅሎ ምርታቸው በታወቀ ጥቂት ዝርያዎች ሲተካ፣ የሚጠፋው ገና ቁጥር ያልተሰጠው ዛፍ ነው። የምርጡ ዘር መብዛት ያልተመረጠውን እናቱን ሊያስረሳን አይገባም። ሌላ በሽታ የመጣ ቀን መልሱን ይዞ የሚገኘው ያ ስም የለሽ ዛፍ ሊሆን ይችላልና። ፈላጊው ያኔ ወደ ቢሻሪ ሲመለስ ምን ቆሞ ይጠብቀው ይሆን?