ቀን ቀጥቃጭ፣ ሌት ጅብ፤ የሁለት ገጽ ሰው ትረካ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ግንጪን፣ አምቦን፣ ጉደርንና ጌዶን እያቋረጠ ያልፋል። በእነዚህ ከተሞች ዙሪያ የተዘረጋው ምድር ለዘመናት በበሬ ሲታረስ የኖረ የጤፍ፣ የስንዴና የገብስ አገር ነው። ማረሻ ከሌለ እርሻ የለም፤ ቀጥቃጭ ከሌለም ማረሻ የለም። ማጭዱ፣ መጥረቢያው፣ ቢላዋው፣ ጦሩ ሁሉ የዚሁ የአንድ ሰው የእጁ ሥራ ነበር። ይሁን እንጂ ገበሬው መሣሪያውን ከተቀበለው ሰው ጋር ማዕድ ለመቁረስና በጋብቻ ለመተሳሰር ፈቃደኛ አልነበረም። በአማርኛ «ጠይብ»፣ በኦሮምኛ «ቱምቱ» እየተባለ የሚጠራው ይህ ባለሙያ በብዙዎች ዓይን ሁለት ገጽ ያለው ፍጡር ሆኖ ኖሯልና።

በሥነ ቃል እንደሚነገረው፣ ቀጥቃጩ ቀን ቀን በወናፉ ፊት ተቀምጦ ብረት ያግላል፤ ሲመሽ ግን አመድ ላይ ተንከባሎ ጅብ ይሆናል። ሌሊቱን በየመቃብሩና በየበረቱ ሲያደባ አድሮ፣ ሊነጋጋ ሲል እንደገና ሰው ሆኖ ከምድጃው አጠገብ ይገኛል። ዓይኑም ይበላል ይባላል፤ ያማረ ልጅ፣ የወዛ ጥጃ፣ የጋተ ላም ካየ መዘዝ ያመጣል። ይህ እምነት የአንድ አካባቢ ወይም የአንድ ብሔረሰብ ብቻ አይደለም። ከትግራይ እስከ ሸዋ፣ በአማራውም በኦሮሞውም ዘንድ በልዩ ልዩ መልክ ሲነገር ቆይቷል።

ትረካው ወደ ጽሑፍ የገባውም ከረጅም ጊዜ በፊት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለዓመታት በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው መርከበኛ ናትናኤል ፒርስ፣ ከሞተ በኋላ በ1831 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ፣ በጥይት ተመትተው በወደቁ ጅቦች ጆሮ ላይ ሰው የሚያጠልቀው ዓይነት ጉትቻ ማየቱን ጽፏል። ጉትቻው እንዴት እዚያ እንደደረሰ ግን አላወቀም። ባልንጀራው ኮፊን አንድ አገልጋዩን ካሰናበተ በኋላ፣ ሌሎቹ አሽከሮች «ያውላችሁ፣ ጅብ ሆነ!» ብለው ሲጮኹ ዞር ቢል ሰውየው የለም፤ በሜዳው ላይ ግን አንድ ትልቅ ጅብ ሲሮጥ ማየቱን ፒርስ ተርኳል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። አሽከሮቹ አይተናል ይላሉ፤ ኮፊን ያየው ሰውየው የቆመበትን ባዶ ሜዳና የሚሮጠውን ጅብ ነው፤ ሁለቱን ያገናኘው የተመልካቹ ግምት ነው። የተከሰሰው ሰው ቃል ግን ከቶ አልተመዘገበም።

ሰውም አውሬም የሆነ ፍጡር የኢትዮጵያ ሥነ ቃል ብቻ ፈጠራ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ደራሲ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን በ1886 እ.ኤ.አ. የዶክተር ጄኪልንና የሚስተር ሃይድን ታሪክ አሳተመ። በ1962 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካውያኑ ስታን ሊና ጃክ ከርቢ፣ ብሩስ ባነር የተባለ ዓይን አፋር የሳይንስ ሰው በጋማ ጨረር ተመትቶ ሀልክ ወደሚባል ግዙፍ አውሬ የሚለወጥበትን የሥዕል ታሪክ አወጡ። በመጀመሪያዎቹ እትሞች ለውጡ የሚደርሰው እንደ ጠይቡ ጅብ ሁሉ ፀሐይ ስትጠልቅ ነበር። ቁጣው መንስኤ የሆነው ኋላ ነው።

የዚህ ታሪክ አፍቃሪዎች ስለ ባለታሪኩ ማንነት ሳያሰልሱ ሲከራከሩ ኖረዋል። አንዳንዶች ሀልክ በባነር ላይ የወደቀ በሽታ ነው፣ መዳን አለበት ይላሉ። ሌሎች እውነተኛው ሰው ሀልክ ነው፤ ጨዋው ባነር የተሸሸገበት ጭምብል ነው ባዮች ናቸው። ሦስተኞቹ ደግሞ ሁለቱ በአንድ አካል የሚኖሩ የተለያዩ ፍጡራን ናቸው ብለው ያምናሉ። ደራሲዎቹም ክርክሩን አራምደውታል። በ1985 እ.ኤ.አ. ቢል ማንትሎ የአውሬው ሥር ባነር በልጅነቱ ከአባቱ እጅ የተቀበለው ዱላ መሆኑን ጻፈ። በ1991 እ.ኤ.አ. ፒተር ዴቪድ የተከፋፈሉትን ማንነቶች አስታርቆ አንድ አደረጋቸው። በዚህ ሁሉ መካከል የማይለወጥ አንድ ነገር አለ። አንባቢው የባለታሪኩን ስም ያውቃል፤ ከመለወጡ በፊት ያለውን ፍርሃት፣ ከተለወጠ በኋላ ያለውን ጸጸት ይካፈላል። አውሬውን የሚያየው ከውስጥ ሆኖ ነው። ስለዚህም ከመሸሽ ይልቅ ያዝንለታል።

በጠይቡ ትረካ ግን ቀጥቃጩ ስም የለውም። የሚናገር አፍ፣ የሚፈራ ልብ፣ የሚያለቅስ ልጅ አልተሰጠውም። ተራኪው ከደጅ ቆሞ ያያል፤ አድማጩም ከተራኪው ጋር ይቆማል። ሁለቱ ትረካዎች የሚለያዩት በአውሬው አስፈሪነት አይደለም፤ ታሪኩ ከማን ወገን ሆኖ ይነገራል በሚለው ጥያቄ ነው።

ይህም የአካባቢው ሕዝብ ሁለት ማንነትን በጠቅላላው ይጠላ ነበር ማለት አይደለም። ስዊድናዊው የኅብረተሰብ ተመራማሪ ካርል ኤሪክ ክኑትሶን በሜጫ ኦሮሞ ዘንድ አጥንቶ በ1967 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ የቃሉን ተቋም በሰፊው ገልጿል። ቃሉ አያና የሚያድርበት ሰው ነው። አያናው ሲወርድበት የሚናገረው እርሱ ራሱ ሳይሆን ያደረበት መንፈስ እንደሆነ ይታመናል፤ ባለ ጉዳዮችም ሙግታቸውን ይዘው ደጁን ይጠናሉ፣ ፍርዱንም ይቀበላሉ። እንግዲህ በአንድ ምድር፣ በአንድ ዘመን፣ በሁለት ሰዎች ውስጥ ሌላ ፍጡር አለ ተብሎ ታመነ። አንደኛው ተከበረ፤ ሌላኛው ተወገዘ። ልዩነቱ በሰዎቹ ኑሮ ላይ እንጂ በእምነቱ ረቂቅነት ላይ የተመሠረተ አለመሆኑን ከዚህ መገንዘብ ይቻላል።

በአማራው አገር «ቡዳ በላው» የተባለ በሽተኛ ሲታከም የሚሆነው ነገርም ይህንኑ ያጠናክራል። በጤና አዳም፣ በነጭ ሽንኩርትና በጢስ ታጥኖ ታማሚው ይለፈልፋል፤ በአፉ የሚናገረው ግን የበላው ቡዳ ነው ይባላል። «ማን ነህ? የት አገኘኸው?» እየተባለ ይጠየቃል፤ መልሱም ከታማሚው አንደበት ይወጣል። ሁለት ማንነት የተሸከመው በዚያች ሰዓት ታማሚው ራሱ ሆኖ ሳለ፣ አውሬ የሚለው ስም ግን በሌለበት ሰው ላይ ይለጠፋል። ስሙ የተጠራው ጎረቤት አንድም ቃል ሳይናገር ፍርዱ ያልቃል።

አሜሪካዊው ሮናልድ ሬሚኒክ በሰሜን ሸዋ መንዝ አጥንቶ በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጽሑፍ የዚህን መንስኤ ለመግለጽ ሞክሯል። በእርሱ አመለካከት ርስት ያለው «ጨዋ»፣ ርስት አልባው የእጅ ባለሙያ «ቡዳ» ይባላል፤ የዓይኑ ፍርሃትም ያለው የሌለውን ሰው ቅናት መፍራቱ ነው። በሌላ አነጋገር፣ መሬት የነፈገው ኅብረተሰብ የነፈገውን ሰው ዓይን ይፈራል። ሰውየው ጅብ የተባለው ስለበላ አልነበረም፤ ይራባል ተብሎ ስለተገመተ ነው።

ይህን ግፍ መንግሥታትም ሳይገነዘቡት አልቀሩም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም ባለሙያ በሥራው ምክንያት መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። ሆኖም አዋጅ ስድብን ከአደባባይ ሊያስወግድ ቢችል ከምድጃ ዙሪያ ወሬ አላጠፋውም። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ በጉልበቱ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ማንኛውም ሰው መሬት እንዲያገኝ ደነገገ። ርስት አልባነት በሕግ ደረጃ የትውልድ ዕጣ መሆኑ በዚያ አበቃ። ሆኖም የመሬት ሥሪት በአንድ ቀን አዋጅ ሲለወጥ፣ ተረት ግን ከአያት ወደ ልጅ ልጅ በምሽት ጨዋታ ይተላለፋልና ዕድሜው ረዘመ።

የተከሰሱት ወገኖች ቃል ወደ ጽሑፍ የገባው ዘግይቶ ነው። በብረትና በሸክላ ሥራ የታወቁት ቤተ እስራኤል በጎንደር አካባቢ በዚሁ ስም ሲጠሩ ኖረዋል። ሐጋር ሳላሞን እስራኤል ከገቡ በኋላ ትዝታቸውን ሰብስባ በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ጅብ የተባሉት ሰዎች ራሳቸው ይናገራሉ። ክርስቲያን ጎረቤታቸው ማረሻውን ከእጃቸው እየተቀበለ፣ በዓመት በዓል እየጠየቃቸው፣ ሲመሽ ግን እንዴት ይፈራቸው እንደነበር ያወሳሉ። ያን ጊዜ ታሪኩ ይገለበጣል። በአንድ አካል ሁለት ገጽ ይዞ የሚታየው ባለሙያው መሆኑ ቀርቶ፣ ቀን ወዳጅ ሌት ከሳሽ የሆነው ጎረቤቱ ይሆናል።

ለኪነ ጥበብ ሰው ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። በአምቦ አቅራቢያ ቦዳ በተባለ ስፍራ በ1928 ዓ.ም. የተወለደው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ ኦቴሎን፣ ማክቤዝንና ሃምሌትን በአማርኛ ሲያቀርብ የኢትዮጵያ ተመልካች ጀግናና ነፍሰ ገዳይ በአንድ ሰው ደረት ውስጥ ሲታገሉ እንዲያይ አድርጓል። ተመልካቹ ማክቤዝን አውሬ ብሎ ከመድረክ አላባረረውም፤ እስከ ፍጻሜው አብሮት ተቀመጠ። ቴያትር ይህን ማድረግ የሚችለው ለባለታሪኩ ስምና አንደበት ስለሚሰጠው ነው።

ተረቱን መከልከል አያጠፋውም፤ «ኋላቀር እምነት» ብሎ ማለፍም አያስረዳውም። መምህሩ በክፍል ውስጥ፣ ከያኒው በመድረክ ላይ ሊያነሡት የሚገባቸው ጥያቄ ቀላል ነው፤ በዚያች ሌሊት፣ መንደሩ በር ዘግቶ ስለ ጅብ ሲያወራ፣ ቀጥቃጩ ምን ያደርግ ነበር? መልሱ ተረቱን ከውስጥ ያፈርሰዋል። በማግሥቱ ጠዋት የሚፈለገውን ማረሻ እየቀጠቀጠ ነበርና።